የፊልም ባልንጀሮች

ባለፈው ወር ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ሐኪሙ ኤም አር አይ አዘዘልኝ። ምራቴ ሜሮን ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ትደውል ጀመር። «የወገብ ስንት ነው? ቅናሽ የለውም? ኧረ ሌላ ቦታ እንዲህ አላሉኝም!» እያለች በወረቀት ትጽፋለች። አምስት ቦታ ጠይቃ ስታበቃ አንዱን ከብባ አሳየችኝ። «እማማ፣ እዚህ ይሻላል፤ በግማሽ ዋጋ ነው የሚሠሩልዎት» አለችኝ። ግማሽ የሚለውን ቃል ስሰማ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። እሷ ሕመሙ የተነሣብኝ መስሏት ትራስ አመጣችልኝ። ወገቤ ግን አልነበረም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ራጅ አንሥቻለሁ። ሠፈርተኛው እስከ ዛሬ «ሲስተር» ይለኛል እንጂ ነርስ አይደለሁም፤ መርፌ ወግቼ አላውቅም። ሥራዬ የሰውን አጥንትና ሳንባ ፎቶ ማንሣት ነበር። የጀመርኩት አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት፣ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ፣ ጣሊያን በሠራው አንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ በነበረች ክሊኒክ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወለል ልወለውል ነበር። ባለቤቱ የውጭ አገር ሐኪም ጊዜው ሲከፋ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ ረዳቱ የነበረው ሐኪም አለቃችን ሆነ። እሱ ሰው እንዳይቀጥር እጁ አጭር ነበርና፣ ወለሉን ስጨርስ ጨለማ ክፍል እንድረዳ ላከኝ። ደመወዜ አልጨመረም፤ ሽርጤ ግን ተቀየረ።

ጨለማ ክፍል ውስጥ የጠበቁኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። በልጅነታቸው የጣሊያን ሐኪም ቤት ሲጠርጉ አይተው አይተው ነው ራጅ የተማሩት። ቀጭን፣ ነገር የማይቸኩላቸው፣ ጣቶቻቸው በመድኃኒቱ ቡናማ የሆኑ ሰው ነበሩ። በዚያ ክፍል ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። ፊልሙን ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ ውስጥ ይነክሩና አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ በሙቀት ስድስት ጊዜ፣ ክረምት ሲሆን ስምንት። በቀይዋ አምፖል ሥር የጎድን አጥንቶች ቀስ እያሉ ብቅ ይላሉ። ካድሬ በራፉ ላይ ከቆመ ጸሎቱን በልባቸው ይደግሙታል፤ ያን ቀን ፊልሙ ሁሉ ጠቆር ብሎ ይወጣል። «በልብ ሲደገም ይረዝማል» ይሉኝ ነበር።

ሕፃን ማንሣትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አዋቂውን «አየር ሳብ፣ ያዝ፣ አትተንፍስ» ትይዋለሽ። ሕፃን ግን ያዝ ብትይው አይሰማሽም። ሌላው ባለሙያ ልጁን ሊያባብል ሲጥር ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አዝራሩ ላይ አድርገው ልቅሶውን ይጠብቃሉ። ሕፃን እሪ ብሎ ሲጨርስ ለሚቀጥለው እሪታ አየር ይስባል፤ ሳንባው ሙሉ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው። ያቺን ቅጽበት አንድም ቀን ስተዋት አላየሁም።

አለቃችንን የሚያበሳጨው ግን ሌላ ልማዳቸው ነበር። ሰው በራችን ላይ ቆሞ «የደረት ራጅ ስንት ነው?» ሲላቸው የእኛን ዋጋ ብቻ አይናገሩም። «እኛ ጋ አሥራ አምስት ብር። ሚሲዮኑ ሐኪም ቤት ስምንት፣ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ፣ ያውም አውቶቡስ አለበት። የመንግሥቱ ሆስፒታል ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ካለዎት በነጻ፤ ፊልም ግን የለም፣ ወረፋው አምስት ሳምንት ነው» ይላሉ። ይህን የሚያውቁት በወሬ አይደለም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አሮጌ ኮታቸውን ደርበው፣ እንደ በሽተኛ ተሰልፈው፣ በየሆስፒታሉ ዋጋና ወረፋ ጠይቀው ይመለሳሉ።

«ደንበኛ ታባርራለህ እኮ!» ይላቸዋል አለቃችን።

«ሰውየው ዋጋ የሚያወዳድረው ልጁን አዝሎ ነው፣ ዶክተር። እኔ ልዙርለት፣ እኔ ያዘልኩት የለም» ይሉታል።

አንዱን ፊልም ለሁለት መክፈል የጀመርነው በእግር ነው። ያ የደም ዓመት ሲመጣ የእግር ራጅ በዛ። ጎረምሳ በሁለት አጃቢ ተደግፎ ይገባል፤ የውስጥ እግሩ ዳቦ አክሏል። «ምን ሆነህ ነው?» ስንለው በር ላይ ወደቆሙት ሰዎች ሰረቅ አድርጎ ያይና «ከደረጃ ወድቄ» ይላል። በዚያ ዓመት የፒያሳ ልጅ በሙሉ ከደረጃ ወደቀ። ፊልሙ እያለቀ ስለ ሄደ ጋሽ ተሰማ አንዱን ግማሽ በእርሳስ ማዕድን ዝርግ ይሸፍኑና በሌላው ግማሽ አንዱን እግር ያነሡበታል፤ ከዚያ ገልብጠው ሌላውን። ማታ ቤቴ ስገባ ያየሁትን ለእናቴ አልነግራትም ነበር። ማን ይናገራል?

በኋላ ፊልም ከውጭ መግባቱ ጭራሽ ሲቀር ብልሃቱ ለሕፃናት ደረት ዋለ። የአዋቂ ደረት ሙሉ ፊልም ይፈልጋል፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ግን ግማሹ ይበቃዋል። ሁለት እናቶች አንድ ፊልም ከተካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ሰባት ብር ከሃምሳ ይደርሳል፤ ከሚሲዮኑም ያንሳል። ወሬው አራዳን ለማዳረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ጠዋት በራችን ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ የታክሲ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» እንደሚለው፣ «ደረት የታዘዘለት ልጅ ያላት?» እያሉ ይፈላለጋሉ። ተጋሪያቸውን «የፊልም ባልንጀራዬ» ይሏታል። በር ላይ ተዋውቀው ክርስትና የተነሣሡ አሉ።

ለዚህ ጋሽ ተሰማ አንድ ሕግ አወጡ። ከእርሳስ ማዕድን የተቀረጹ ጣት የማይሞሉ ቁጥሮች ነበሩን፤ ከፊልሙ ዳር ሲቀመጡ በምስሉ ላይ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። የመጀመሪያዋን እናት መዝገብ ላይ ሲጽፉ ቁጥር አንድን መዳፏ ላይ ያኖሩላታል፤ ለሁለተኛዋ ቁጥር ሁለትን። እናትየው ቁጥሯን ጨብጣ ትጠብቃለች፤ ልጇ ሲነሣ በገዛ እጇ ካሴቱ ላይ፣ ማለት ፊልሙ ያለበት ጠፍጣፋ ሣጥን ላይ፣ ታስቀምጠዋለች። «እኔ እሳሳታለሁ፣ አንቺ ትሳሳቻለሽ። እናት ግን የልጇን ነገር ጨብጣ አትሳሳትም» ይሉኝ ነበር። እኔ ይህን ነገር እንደ ሽማግሌ ወግ ነበር የማየው። ጊዜ ይፈጃል፤ አንዳንዷ ቁጥሩን ትጥለዋለች፣ አንዱ ሕፃን ሊውጠው ይሞክራል።

ዘነበችና አስናቀች የመጡት በአንድ የጥቅምት ጠዋት ነው። ዘነበች ፒያሳ አንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበረች፤ ባሏ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ልጇ ሰላም አራት ዓመቷ ነው፣ ትስላለች። አስናቀች የሰዓት ጠጋኝ ሚስት ናት፤ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ቢኒያም የሚባል የሰላም እኩያ ልጇን ይዛ ነው የመጣችው። እሱም ያስለዋል። ሁለቱ ሴቶች የተገናኙት የመንግሥቱ ሆስፒታል ሰልፍ ላይ ነው። አብረው ዋጋ ሲያጠያይቁ ሚሲዮኑ ድረስ ሄደው ተመልሰዋል፤ እኛ ጋ ሲደርሱ የእኅትማማች ያህል ሆነው ነበር።

«ሰባት ከሃምሳ ነው አይደል፣ ሲስተር? ሦስት ቀን ዞርንልሽ!» አለችኝ ዘነበች እየሳቀች። «ከእናንተ የረከሰ ቢገኝ እዚህ አታይኝም ነበር።»

ያን ቀን ጋሽ ተሰማ ቀበሌ ስብሰባ ተጠርተው ነበር። መቅረት አይቻልም። በር ላይ ስድስት ጥንድ ይጠብቀኛል፤ መብራቱም ከአሁን አሁን ሊሄድ ነው። እኔም ባለሙያ ነኝ አልኩ። ሰላምን አንድ፣ ቢኒያምን ሁለት ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩና ቁጥሮቹን ለእናቶቹ ሳልሰጥ፣ አንድን በቀኙ ግማሽ፣ ሁለትን በግራው ግማሽ ላይ ራሴ በፕላስተር ለጠፍኳቸው። ከዚያ «ሰላም!» ብዬ ጠራሁ።

«ሲስተር፣ ሌሊቱን ስታስል አድራ አሁን ገና ሸለብ አደረጋት። ትንሽ ትተኛልኝ» አለችኝ ዘነበች። ሰላም ጀርባዋ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

«እንግዲያው ቢኒያም ይግባ» አልኩ። ልጁን አቆምኩትና ባዘጋጀሁት ግማሽ፣ በቀኙ አነሣሁት። አንገቱ ላይ ማተቡ አለ፤ ማተቡ ላይ ትንሽ የብር መስቀል። የልጅ ማተብ አይፈታምና ወደ አገጩ ከፍ አደረግኩለት። ቀጥሎ ሰላም በግራው ግማሽ ተነሣች። የእሷ ማተብ ክር ብቻ ነበር። ሁለቱም ደህና አለቀሱ። ጋሽ ተሰማ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ፊልሙን አጥቤ፣ አድርቄ፣ መሐሉን በመቀስ ቆረጥኩት። ቁጥር አንድን «ሰላም» በሚል ፖስታ፣ ቁጥር ሁለትን «ቢኒያም» በሚል ፖስታ ከተትኩ። በአንደኛው ላይ አንገቱ ሥር ነጭ መስቀል ነበር። አይቼዋለሁ። ዓይኔ አይቶታል፣ ልቤ ግን ሌላ ጥንድ ላይ ነበር።

በሳምንቱ አስናቀች እያለቀሰች መጣች። ራጁን ያየው ሐኪም ቢኒያም ሳንባ ነቀርሳ አለበት ብሏል፤ በየቀኑ መርፌ፣ ለወራት። ዘነበች አብራት ነበረች፤ «የኔዋ ንጹሕ ነች፣ ሽሮፕ ብቻ አዘዘላት» አለችና ደስታዋን ከባልንጀራዋ ለመደበቅ መሬት መሬት አየች። ከዚያ የሆነውን ከበራችን ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። የአስናቀች ሆድ ገፍቶ ዳገቱን መውጣት ሲያቅታት ዘነበች «እኔ እወስደዋለሁ፤ እግዜር የኔን ምሮልኝ አይደል?» አለች። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ቢኒያምን አዝላ ሰላምን በእጇ እየጎተተች፣ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ወደ ጤና ጣቢያው ትወርዳለች። ደልደል ያለው ልጅ ጀርባ ላይ ነው፤ የምታስለው በእግሯ ትሄዳለች። ሁለት ወር ያህል በየጠዋቱ እጄን አውለበለብኩላቸው።

በጥር ዘነበች ሰላምን ይዛ ተመለሰች። ልጅቷ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ተሰማ አዲስ ከማንሣታቸው በፊት የድሮውን ጠየቁና መስኮቱ ላይ አንሥተው አዩት። ጣታቸውን ከአንገቱ ሥር ባለው ነጭ መስቀል ላይ አሳረፉ።

«መስቀሏን ምን አደረግሽው፣ ልጄ?» አሏት።

«መስቀል ኖሯት አያውቅም፣ ጋሼ። ክር ብቻ ነው። አባቷ ሲመለስ ይገዛላታል» አለች።

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ወደ እኔ ዞር አሉና ወደ ጨለማ ክፍል ጠሩኝ።

«ቁጥሩን ማን አስቀመጠው?»

«እኔ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ እንዴት በወደድኩ። የፊልም እጥረት ባለበት ጊዜ አንዱን ለሁለት መሸጥ አሻጥር ሊያስብል፣ ሁለታችንንም ሊያስወስድ እንደሚችል እናውቃለን። ለመንኳቸው፤ «ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ወይም ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንበል» አልኩ።

«ማሽኑ ምን አደረገ?» አሉኝ። «ለእስር የሚያበቃ ከመጣ እኔ እሄዳለሁ፤ ብልሃቱ የእኔ ነው። ነገሩን ግን አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ ዛሬ፣ አሁን።»

ወጣሁና ነገርኳት። ምን ብዬ እንደ ጀመርኩ አላስታውስም፤ ቁጥሩን እኔ ለጠፍኩት፣ ልጆቹን አቀያየርኳቸው፣ በሽታው የሰላም ነው ማለቴን አስታውሳለሁ። ዘነበች አልጮኸችም። የሰላምን ግንባር በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እንግዲህ ቢኒያም መርፌው ይቅርለታ?» አለችኝ። «ነገ ጠዋት እንዳልወስደው ነው። በጣም እኮ ነው የሚያመው።»

ይህን ጥያቄ ተሸክሜው ኖሬአለሁ።

ሰላም በማግሥቱ መርፌ ጀመረች። አሁን ደግሞ አስናቀች የዓሥራ አምስት ቀን አራስ ሆና፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ዘነበች ሥራ ስትገባ ሰላምን አዝላ ትወርዳለች። ለእኔ ሰላምታ አትሰጥም። አንድ ቀን ብቻ ቆም ብላ «እጅሽ ይቆረጥ» አለችኝ፤ አሜን አልኩ በልቤ። መርፌው ጆሮ ያደነቁራል ሲባል ሰምተው ጋሽ ተሰማ የቢኒያም አባት ሱቅ ድረስ ሄዱ፤ ሰዓት ከልጁ ጆሮ ጀርባ እያስጠጉ እያራቁ ፈተኑት። ይሰማል። ሲመለሱ የሰጡኝ ምሥራች ይኸው ብቻ ነበር።

በሽታው ከሳንባዋ አልፎ ነበር። ሰላም በዐቢይ ጾም፣ ሁዳዴ ሳይጋመስ ሞተች።

ለቅሶ ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ አብረውኝ መጡ፤ በር ላይ ግን «ግቢ» ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። አንዲት ክፍል ናት፤ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስገባ አስናቀች ተነሥታ ወጣች። ዘነበች የአስናቀችን ቦታ በእጇ መታ መታ አድርጋ አሳየችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ከዚያ አልተነሣሁም። የሚከሰኝ ሰው አልመጣም፣ አሻጥር ያለ የለም፤ አራት ዓመት የሞላት የአልጋ አንጣፊ ልጅ መሞቷን ቀበሌው መዝገብ ላይ ጻፈና አለፈ።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ራሴ አስቀምጬ አላውቅም። አንድ ሰው ብቻ ሲመጣም፣ የሚቀያየር በሌለበትም፣ ቁጥሩን በመዳፉ እሰጠዋለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ጋሽ ተሰማ ሲያርፉ የሰኞውንም ዙረታቸውን ወረስኩ፤ የሁሉንም ሆስፒታል ዋጋ በቃሌ አውቅ ነበር። ፊልም እንደ ልብ ሲገኝ ግማሽ ማንሣቱ ቀረ። እኔም በዚያው አለቀ ብዬ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ዘነበች በሩን ከፍታ ገባች። ጸጉሯ ሸብቷል። ጀርባዋ ላይ ሁለት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ አለ፣ ያስላል። ባሏ አንድ እግሩን ትቶ እንደ ተመለሰ ሰምቼ ነበር። የማውቀውን ሥራ ያዝኩ፣ ዋጋ መናገር።

«እኛ ጋ ሃያ ብር ገብቷል፣ ዘነበች። ሚሲዮኑ ጋ አሁንም ያንሳል፣ በየቀኑም ይሠራሉ። የመንግሥቱም ፊልም አለው...»

«አውቃለሁ። ሁሉንም ጠይቄ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «እዚያ ሲያነሡ አየሁ፤ ቁጥሩን ራሳቸው ነው የሚያስቀምጡት። አንቺ ግን በእጅ ትሰጫለሽ አሉኝ።» ልጁን ከጀርባዋ አወረደችና መዳፏን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

ቁጥር አንድን አኖርኩላት። ጨብጣ ገባች፤ በገዛ እጇ ካሴቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ጠጋ ብላ አየችው፣ አስተካከለችው። ልጁ አለቀሰ። እጄን አዝራሩ ላይ አድርጌ አየር እስኪስብ ጠበቅሁ።

ፊልሙ ሲወጣ መስኮቱ ሥር ቆመን አየነው። ሳንባው ጥርት ያለ ነበር። «ይኼ የኔ ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ ነው።»

ሃያ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልመልስላት ስል «ሙሉ ፊልም ነው፤ ሙሉ ዋጋውን ተቀበዪ» ብላ ልጇን አዘለችና ወጣች። ካሴቱን ላጸዳ ስመለስ ቁጥር አንድ በቦታው የለም። በመስኮቱ ሳይ ዘነበች ወደ ፒያሳ ትወርዳለች፤ አንድ እጇ ልጁን ከኋላ ደግፏል፣ ሌላው ተጨብጧል። አልተከተልኳትም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሁለት ጀምሬ ነው የቆጠርኩት።